የጉልበት ሕመምና የእኛ ትዕግሥት

በአማርኛችን «ጉልበት» የሚለው ቃል ሁለት ነገሮችን አጣምሮ ይዟል። አንደኛው ጭንና ቅልጥም የሚገናኙበት የአካል ክፍል ነው፤ ሁለተኛው ኃይል፣ አቅም፣ ሠርቶ የማደር ችሎታ ነው። ሙሽሮች የወላጆቻቸውን ጉልበት ስመው ይመረቃሉ፤ የቀን ሠራተኛው በጉልበቱ ያድራል፤ ምእመን በጉልበቱ ተንበርክኮ ይጸልያል። ስለዚህ አንዲት አረጋዊት እናት «ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ» ሲሉ ስለ አንድ መገጣጠሚያ ብቻ መናገራቸው አይደለም። ሥራቸውም፣ ክብራቸውም፣ ጸሎታቸውም በዚያች ቃል ውስጥ አሉ።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ እትም ልናነሣው የፈለግነው ጥያቄ ከዚሁ ከጉልበት የሚነሣ ነው። ጥያቄው የመጣልን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሂርና ነው።

ሂርናን የሚያውቅ ሰው ዳገቷንና ቁልቁለቷን ያውቃል። ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር የሚወስደው አውራ ጎዳና ጭሮን፣ ታላላቆቻችን ዛሬም አሰበ ተፈሪ የሚሏትን ከተማ፣ አልፎ በጨርጨር ተራሮች ላይ እየተጠማዘዘ ሲሄድ ሂርናን ያገኛታል። በጎዳናው ላይ ጫት የጫኑ መኪናዎች ሲበሩ ይታያል። ከጎዳናው ጥቂት ወጣ ሲባል ግን ማሽላውም፣ ቡናውም፣ ጫቱም የሚገኘው በእርከን ላይ ነው። ወደ እርከኑ የሚወጣውም፣ ከምንጭ ውኃ የሚቀዳውም፣ እንጨት ይዞ ወደ ገበያ የሚወርደውም በእግሩ ነው። ከዚህ ሁሉ ሸክም የሚበዛው በሴቶች ጀርባ ላይ መሆኑን ለአካባቢው ሰው መንገር አያስፈልገንም።

ከእኛ ጋር የሚጸልዩ አንዲት እናት አሉ። ዕድሜያቸው ስድሳን ካለፈ ቆይቷል። ቀኝ ጉልበታቸው መጀመሪያ ቁልቁለት ሲወርዱ ብቻ ያማቸው ነበር፤ ኋላ ከተቀመጡበት ሲነሡ፣ ቀጥሎም ሌሊት በመኝታ ላይ ሳሉ ያማቸው ጀመር። ወጌሻ አሽቷቸዋል፤ ቅቤ ተቀብተዋል። በድሬዳዋ የባቡር መስመር ላይ ወዳለው ወደ ኤረር ፍል ውኃም ዘመድ ወስዷቸው ለጥቂት ሳምንታት ተሽሏቸው ነበር። የመረመራቸው ሐኪም መገጣጠሚያቸው መበላቱን ነግሮ የማስታገሻ ኪኒን አዘዘላቸው፤ ኪኒኑ ግን ጨጓራቸውን አስቆጣው።

አንድ እሑድ ከጸሎት በኋላ ይህን ሲያዋዩን የሰጠናቸው መልስ አጭርና የተለመደ ነበር። ሕመሙን በትዕግሥት እንዲቀበሉት፣ ከክርስቶስ ሕማማት ጋር አዋሕደው እንዲያቀርቡት ነገርናቸው። እርሳቸውም አንገታቸውን ዝቅ አድርገው «እሺ» ብለው ሄዱ። ሃያ ሊትር የሚይዘው ጀሪካናቸው ከበሩ ውጭ ይጠብቃቸው ነበርና አዝለውት ዳገቱን ሲወጡ አየናቸው። ነገር ግን በሰጠናቸው ምክርና በጀርባቸው ላይ ባለው ጀሪካን መካከል ግንኙነት መኖሩ በዚያን ዕለት ከቶ አልታሰበንም።

ከወራት በኋላ ዓረብ አገር የምትሠራ ልጃቸው በሰው እጅ አንዲት ትንሽ ሣጥን ላከችላቸው። ሣጥኗን በነጠላቸው ጠቅልለው ይዘዋት መጡና «መምህር፣ ይህች ነገር ሕመሜን ታስታግስልኛለች። እናንተ ግን ተቀበዪው ብላችሁኝ ነበር። ባደርጋት እግዚአብሔር ይቀየመኝ ይሆን?» ሲሉ ጠየቁን። ወዲያው መመለስ አቃተን። «እማማ፣ አስበንበት እንነግርዎታለን» አልናቸው። ይህ ጽሑፍ ያሰብነው ነው።

ሣጥኗ ከተንቀሳቃሽ ስልክ አትበልጥም፤ የምትሠራውም በባትሪ ነው። ከእርሷ ቀጫጭን ሽቦዎች ይወጣሉ፤ በሽቦዎቹ ጫፍ እንደ ፕላስተር የሚጣበቁ ንጣፎች አሉ። ንጣፎቹ በጉልበቱ ግራና ቀኝ ተለጥፈው ሣጥኗ ስትከፈት ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት በቆዳ ላይ ይሰማል፤ የደነዘዘ እግር ሲነቃ የሚሰማውን መውረር ይመስላል። ሐኪሞች በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ «ቴንስ» ይሉታል፤ በቆዳ በኩል በኤሌክትሪክ ነርቭን መቀስቀስ ማለት ነው።

ሕመሙ ራሱ በሕክምና ስሙ ኦስቲዮአርትራይተስ ይባላል። ሕዝባችን ቁርጥማት በሚለው ሰፊ ስም ከሚጠራቸው ሕመሞች አንዱ ነው። አጥንት በአጥንት ላይ እንዲንሸራተት የሚያደርገው ለስላሳ ሽፋን እየሳሳ ይሄዳል፤ ከሥሩ ያለው አጥንት ቅርፁን ይለውጣል፤ የመገጣጠሚያው ውስጠኛ ክፍል ይቆጣል፤ በዙሪያው ያለው ጡንቻ ይደክማል። ዕድሜ፣ የሰውነት ክብደት፣ የቆየ ጉዳትና ለብዙ ዓመታት የተሸከሙት ከባድ ሸክም ሁሉ ድርሻ አላቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2019 ከዚህ ሕመም ጋር የሚኖሩ ሰዎች ቁጥር 528 ሚሊዮን ያህል ነበር። ከእነዚህ 365 ሚሊዮኑ የታመሙት ጉልበታቸውን ነው። ከታማሚዎቹም ከመቶ ስድሳው ሴቶች ናቸው። የተበላውን ሽፋን መልሶ የሚያበቅል መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም። እጅግ ለተጎዳ ጉልበት በቀዶ ሕክምና ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ መተካት ይቻላል፤ ይህ ግን ለሂርና ገበሬ ቤተሰብ በጣም ሩቅ ነው።

ሣጥኗ ሕመምን የምታስታግሰው እንዴት ነው? ጉልበቱ ከድንጋይ ጋር የተጋጨበት ልጅ ማንም ሳያስተምረው ጉልበቱን ያሻል፤ ሲያሸውም ይቀልለዋል። እ.ኤ.አ. በ1965 ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ይህን የሚያብራራ አሳብ አቀረቡ። መዳሰስን የሚያደርሱት ወፍራም ነርቮች ሲቀሰቀሱ፣ ቀጫጭኖቹ ነርቮች የሚያመጡት የሕመም መልእክት ወደ አንጎል ከመድረሱ በፊት በኅብለ ሰረሰር ውስጥ ይገታል አሉ፤ በር እንደሚዘጋበት ማለት ነው። ዝርዝሩ ከዚያ ወዲህ ቢሻሻልም መሠረተ አሳቡ ጸንቶ ኖሯል። ንዝረቱ ሰውነት ራሱ የሚያመነጫቸውን የሕመም ማስታገሻዎች እንደሚያነቃቃም ታውቋል።

ነገሩ ለአገራችንም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በአንደኛው መቶ ዓመት ስክሪቦኒዮስ ላርጎስ የተባለ ሮማዊ ሐኪም ለሪህና ለራስ ምታት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ የባሕር ዓሣ አዝዟል። ከአባ ጎርጎርዮስ ዘንድ ስለ ኢትዮጵያ የተማረው ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1681 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ፣ አባቶቻችን ተመላላሽ ትኩሳትን በእንዲህ ዓይነት ዓሣ ያክሙ እንደነበረ ጽፏል። በሽተኛው በገበታ ላይ ይታሰርና ዓሣው በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ይደረግበት ነበር፤ ሥቃዩም ብርቱ ነበር ይላል። ከዚያ ገበታ ጋር ሲነጻጸር የእማማ ሣጥን እጅግ ርኅሩኅ ናት።

ይሁን እንጂ እውነቱን እስከ መጨረሻው መናገር ይገባናል። በጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ ላይ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጠናቀረ የምርምር ግምገማ፣ የቀረቡት ጥናቶች ትናንሽና ደካማ ስለ ሆኑ ጥቅሙን ማረጋገጥ አልተቻለም ሲል ደመደመ። የአሜሪካ የመገጣጠሚያ ሐኪሞች ማኅበር በ2019፣ የብሪታንያ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋምም በ2022 ለዚህ ሕመም ቴንስን እንደ ሕክምና መስጠትን አልደገፉም። በሌላ በኩል በዚያው በ2022 ልዩ ልዩ ሕመሞችን የሚመለከቱ 381 ጥናቶችን ያሰባሰበ ሌላ ግምገማ፣ ንዝረቱ በሚሰጥበት ሰዓትና ወዲያው ከዚያ በኋላ ሕመም ከአስመሳይ ሕክምና ይልቅ እንደሚቀንስ፣ ከባድ ጉዳትም እንደማያስከትል አግኝቷል። በሀብታም አገሮች በመርፌ ቀጭን ሽቦ ወደ ነርቩ አጠገብ እያስገቡ መቀስቀስ፣ ወይም የጉልበትን ስሜት የሚያደርሱትን ነርቮች በሙቀት ማክሰምም ተጀምሯል። ያም ቢሆን የተበላውን አይመልስም።

እንግዲህ ይህ ሣጥን ለአንዳንዱ ሰው ለጥቂት ሰዓት ዕረፍት ይሰጣል፤ ጉልበቱን ግን አያድንም። ይህን ሳይናገሩ «ጉልበት ያድናል» እያሉ የሚሸጡ ነጋዴዎች አሉ። ፍየሉን ሸጦ ወይም ገና ያልደረሰውን ቡና አስይዞ የሚገዛ ቤተሰብ ገንዘቡን የሚያወጣው ለፈውስ ነው፤ የሚያገኘው ግን የጥቂት ሰዓት ማስታገሻ ነው። ሻጩ ይህን እያወቀ ዝም ካለ፣ ዝምታው ከሐሰት ምስክርነት የሚለይበት ነገር አይታየንም። የእማማ ሣጥን በስጦታ የመጣች በመሆኗ ከዚህ ተርፈዋል።

አሁን ወደ ጥያቄያቸው እንመለስ። ማስታገሻ መፈለግ የትዕግሥት ጉድለት ነውን?

ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ጥያቄ የሰጠችው መልስ ግልጽ ነው። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. የካቲት 24 ቀን 1957 ለማደንዘዣ ሐኪሞች ባደረጉት ንግግር ይኸው ጥያቄ ቀርቦላቸው ነበር። አማኝ ማስታገሻን እምቢ ብሎ ሕመምን እንዲቀበል የሚያስገድደው አጠቃላይ የሞራል ግዴታ እንደሌለ መለሱ። ሰው ወድዶና ፈቅዶ ሕመምን ሊቀበል ይችላል፤ ግዴታ ግን የለበትም። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም እ.ኤ.አ. የካቲት 11 ቀን 1984 ስለ ሰው ሥቃይ ክርስቲያናዊ ትርጉም በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት የሥቃይን ክቡርነት በሰፊው ካስተማሩ በኋላ የሚያሳርጉት በደጉ ሳምራዊ ነው። ሳምራዊው ለቆሰለው ሰው ስለ ትዕግሥት አልሰበከም፤ ቁስሉን አሰረለት፣ በራሱ እንስሳ ላይ አስቀመጠው።

ከዚህም በቅርብ ያየነው ምሳሌ አለ። ነፍሳቸውን ይማርና ር.ሊ.ጳ. ፍራንችስኮስ ቀኝ ጉልበታቸው ታሞ ከ2022 ግንቦት ጀምሮ በተሽከርካሪ ወንበር መታየት ጀመሩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወደ ኮንጎና ወደ ደቡብ ሱዳን ሊያደርጉት የነበረውን ጉዞም ለጊዜው አስተላለፉ፤ በ2023 መጀመሪያ ፈጸሙት። ለጉልበታቸው በሌዘርና በማግኔት የሚሰጥ ሕክምና ተደርጎላቸዋል፤ ቀዶ ሕክምናን ግን ማደንዘዣውን በመፍራት አልፈለጉም። ሕክምናን ተቀብለዋል፤ ከሕክምናም መርጠዋል። ሁለቱንም በማድረጋቸው ትዕግሥት የጎደላቸው ነበሩ ያለ ሰው አልሰማንም። ለሮም የተፈቀደው ለሂርና የሚከለከልበት ምክንያት የለም።

በመካከላችን ግን ይህን ያልተቀበለ ወንድም ነበረ፤ አሳቡንም በንቀት ልናልፈው አንፈልግም። «እናቶቻችን ያለ ሣጥን ኖረዋል። ሕመም ወደ ጸሎት አስጠግቷቸዋል። ሕመሙን ሁሉ ካጠፋን ምን ዓይነት ልብ ይቀርልናል?» አለ። ሕመም ያለሰለሳቸው ሰዎች መኖራቸው እውነት ነው፤ አውቀናቸዋል። ነገር ግን ሕመም ያመረራቸውም አሉ። እማማ ራሳቸው፣ ሌሊት እንቅልፍ ካጡ ወዲህ በልጅ ልጆቻቸው ላይ እንደሚቆጡ፣ መቁጠሪያውን ይዘው ሳሉ አሳባቸው ሁሉ ወደ ጉልበታቸው እንደሚሄድ እያፈሩ ነግረውናል። ለእርሳቸው የጥቂት ሰዓት ዕረፍት የጸሎትም ሰዓት ነው። ደግሞም ወንድማችን የተናገረው ስለ እናቶች ጉልበት እንጂ ስለ ራሱ ጉልበት አልነበረም። እኛም በዚያ እሑድ ያደረግነው ይህንኑ ነው። ሰው የራሱን ሕመም ወድዶ ሲያቀርብ መሥዋዕት ነው። ጤነኛው የታመመውን «አቅርብ» ሲለው ግን የሚያቀርበው የራሱ ያልሆነውን ነው፤ ለእርሱም ምንም አያስከፍለውም።

እስከዚህ ድረስ መልሱ ቀላል መስሎን ነበር። «ይጠቀሙባት፣ ኃጢአት የለበትም» ብለን ልንዘጋው ስንል ከመካከላችን አንዱ ቢሲዲሞን አነሣ።

ቢሲዲሞ ከሐረር በስተደቡብ ምሥራቅ ያለች፣ የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚታከሙባት ሆና የታወቀች ስፍራ ናት። እ.ኤ.አ. በ1957 በጀርመን በቩርዝቡርግ ከተማ የተቋቋመው የሥጋ ደዌ ሕሙማን ረድኤት ማኅበር የመጀመሪያ ሥራው እርሷን መርዳት ነበር። በአዲስ አበባም በዘነበወርቅ ሆስፒታል ስፍራ በ1965 አለርት ተቋቁሟል። ሕዝባችን ለረጅም ዘመን ጣትና እግር የሚቆርጠው ደዌው ራሱ ይመስለው ነበር። ደዌው ግን የሚያጠቃው ነርቭን ነው፤ ነርቩ ሲሞት ሕመም ይጠፋል። ሕመም የጠፋበት ሰው ትኩስ ድስት በእጁ ይይዛል፤ ጫማው ውስጥ የገባ ጠጠር ሥጋውን ሲበላው ሳያውቅ ውሎ ይገባል። እግሩን የሚያሳጣው አለመታመሙ ነው። በሕንድ አገር በዚህ ሥራ የታወቀው እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ ኋላ በአሜሪካ ሳለ ስሜት ለጠፋባቸው እጆች በሕመም ፈንታ ምልክት የሚሰጥ መሣሪያ ሊሠራ ሞክሮ ነበር። ሕሙማኑ ግን ምልክቱ ሥራቸውን ሲያስተጓጉልባቸው መሣሪያውን ያጠፉት ነበር። ማጥፋት እስከ ቻሉ ድረስ ምልክቱ አላዳናቸውም።

እንግዲያው ሕመም ጠባቂ ከሆነ፣ የእማማ ሣጥን ጠባቂውን ታስተኛለችን? ይህ ጥያቄ ለብዙ ቀን አከራከረን። አንድ ሐኪም ጠይቀን የተረዳነው እንዲህ ነው። ሣጥኗ ነርቭን አትገድልም፤ ሕመሙን ለጊዜው ታለዝበዋለች እንጂ። ስሜት በጠፋበት ቆዳ ላይ ግን መለጠፍ አይገባም፤ ሳይታወቅ ሊያቃጥል ይችላልና፤ የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ የተተከለለት ሰውም ያለ ሐኪም ፈቃድ አይንካት። ደግሞም የቆየ የጉልበት ሕመም እንደ ትኩስ ድስት ሕመም አይደለም። ቤቱ ሳይቃጠል ሌሊቱን ሙሉ እንደሚጮኽ ደወል ነው፤ ሁልጊዜ አዲስ ጉዳት አያመለክትም። ሕመሙን ፈርቶ ቁጭ ያለ ሰው ጡንቻው ይሰልላል፤ ጉልበቱም ይባስ ይደክማል። ጥናቶች ከሁሉ አስቀድመው የሚመክሩት እንቅስቃሴን ነው፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን ቀጥ አድርጎ ማቆየት፣ ከወንበር ቀስ ብሎ መነሣትና መቀመጥ፣ በሜዳ ላይ መራመድ። ሣጥኗ ሕመሙን ለአንድ ሰዓት ካለዘበችላቸውና በዚያች ሰዓት እግራቸውን ካፍታቱ፣ መልካም ነገር አደረገች።

ነገር ግን በዚያች ሰዓት ጀሪካን ካዘሉስ? ጭንቀታችን ሁሉ በዚህች ጥያቄ ላይ ወደቀ። እማማ ሣጥኗን በተጠቀሙ በሦስተኛው ቀን «ዛሬ ድኛለሁ» ብለው ሁለት ጊዜ ወደ ምንጭ ወርደው ነበር፤ በማግሥቱ ጉልበታቸው አብጦ ዋለ። ቤተሰቡም ሣጥኗ ከመጣች ወዲህ ሸክሙን እንደ ቀድሞው ለእርሳቸው መተዉን ቀጠለ። ልጃቸው ያንን መሣሪያ በላቧ ገዝታ የላከችው እናቷ እንዲያርፉ ነበር፤ በቤት የቀሩት ግን እናታቸው እንዲሠሩ ተጠቀሙበት። ማንም ክፉ አልነበረም፤ ሰው ሲቃትት ካልተሰማ የተመቸው ይመስላል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ቢሲዲሞ ያስተማረችን፣ እንደ መሰለን፣ በዚህ በኩል ነው። የእማማ ሕመም የሚናገረው ለጉልበታቸው ብቻ አልነበረም፤ ለእኛም ነበር። «ይህ ሸክም ለዚህች ሴት በዝቷል» የሚል መልእክት ነበረው። የመጀመሪያው እሑድ ምክራችን ያንን ድምፅ በስብከት ዘጋው፤ ሣጥኗ ደግሞ በባትሪ ዘጋችው። ከሁለቱ ሣጥኗ ትሻላለች፤ ቢያንስ ለእርሳቸው ዕረፍት ሰጥታለችና። ሕመም ማስታገስ መብታቸው ነው። ሕመሙ ሲናገር የነበረውን ሰምቶ መልስ መስጠት ግን የእርሳቸው ዕዳ አይደለም፤ ጉልበታቸው የደኅና የሆነው የእኛ ዕዳ ነው። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ነገር በሃያ ሊትር ውኃ ላይ ይበልጡን ይሠራል። የቀሬናው ስምዖንም በመንገድ ላይ ያገኘውን ባለ መስቀል አላጽናናውም፤ መስቀሉን ተሸከመለት። ተገድዶ ነው ያደረገው፤ ቢሆንም ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ ታስበዋለች።

ካቴኪስቶች ሆይ፣ ስለዚህ ጉዳይ ከእናንተ ጋር ልንመካከር የምንወደው አንድ ነገር አለ። የታመመ ሰው ወደ እኛ ሲመጣ ስለ መስቀል ከመናገራችን በፊት ውኃ የሚቀዳለት ማን እንደ ሆነ እንጠይቅ። ይህ ጥያቄ በትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፋችን ውስጥ የለም፤ እኛም ሳንጠይቅ ብዙ ዓመት አስተምረናል። በየቁምስናው የታመሙትን የሚጎበኙ አሉ፤ ጉብኝቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጸሎትና ብርቱካን ነው። ጸሎቱም ብርቱካኑም ይቅር አላልንም።

ለእማማ የሰጠናቸው መልስ ከዚህ ሁሉ ክርክር በኋላ አጭር ሆነ። «እማማ፣ ሣጥኗን ይጠቀሙባት፤ እግዚአብሔር አይቀየምዎትም። በዚያን እሑድ የተናገርነው ግን ትክክል አልነበረም፤ ይቅር ይበሉን» አልናቸው። እርሳቸውም ደንግጠው «እናንተ እኮ መምህራን ናችሁ፤ ምን በደላችሁኝ?» አሉን። ልጆቻቸውንም ጠርተን አነጋገርን። አሁን ውኃውን በአህያ የሚያመጣው የልጅ ልጃቸው ነው፤ በፈተና ሳምንት ደግሞ የጎረቤት ልጅ ይተካዋል። አንዳንድ ቀን ማንም አይመጣም፤ ያን ጊዜ እርሳቸው ራሳቸው ትንሿን ጀሪካን ይዘው ሲወርዱ እናገኛቸዋለን፤ ሥራው ገና አላለቀም።

ሲሄዱ ሌላ ጥያቄ ጥለውልን ሄዱ። መንበርከክ እንደማይችሉ፣ ሌሎች በቅዳሴ ሲንበረከኩ እርሳቸው ቆመው ሲቀሩ እንደሚያፍሩ፣ ስለዚህም አንዳንድ እሑድ ሆን ብለው ዘግይተው ከበር እንደሚቆሙ ነገሩን። የሙስሊም ጎረቤታቸው ጉልበታቸውን ከታመሙ ወዲህ ወንበር ላይ ተቀምጠው እንደሚሰግዱ፣ ለታመመ ሰው ይህ በሃይማኖታቸው የተፈቀደ መሆኑንም ጨምረው አወሩልን። «ለእኛስ?» አሉ።

ለእኛም የተፈቀደ መሆኑን ነገርናቸው። በተከታዩ እሑድ አንድ ባለ መደገፊያ አግዳሚ ወንበር ከፊት በኩል በግድግዳው ጥግ አስቀመጥን። እማማ መጥተው ተቀመጡ። ከእርሳቸው ኋላ ሌሎች ሦስት እናቶች ከበሩ አጠገብ ተነሥተው መጥተው አጠገባቸው ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው የሚያማቸው መሆኑን ከዚያ ቀን በፊት አላወቅንም ነበር።